ለጢስ ዓባይ የመረጥነው ወር

ጢስ ዓባይን ለማየት የትኛው ወር እንደሚሻል የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ሳላቅማማ እመልስለታለሁ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ጠፈፍ ይላል፣ ውሃው ደግሞ ገና አልጎደለም። በሐምሌና በነሐሴ ከሁሉ ይበልጥ ይሞላል፤ ነገር ግን ድፍርስ ነው፣ ቁልቁለቱም ያንሸራትታል። ከኅዳር ወዲያ እየቀጠነ ይሄዳል። በጋ ሲሆን አብዛኛውን ውሃ ወደ መብራት ማመንጫው ስለሚመልሱት ገደሉ ራቁቱን ይቀራል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ሄጄ አይቼ አልነበረም። ባለቤቴ እንዳትሄድ ምክንያት ስፈልግ፣ ያየውን ሰው ሁሉ እየጠየቅሁ ነው የተማርሁት።

እንዳትሄድ የፈለግሁት፣ ባሕር ዳር ተቀብሎ ሊያሳያት የነበረው ልጃችን ሞቶ ስለነበር ነው። እሷ አላወቀችም።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ እናርሳለን፣ ጥቂት ከብትም አለን። ዓባይ ጎጃምን ዞሮ አቅፎት ነው የሚሄደው ይባላል። እኔ በወጣትነቴ አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ በረሃው ላይ ድልድዩን ተሻግሬዋለሁ። ባለቤቴ ግን በዚያ እቅፍ ውስጥ ተወልዳ፣ ተድራ፣ ወልዳ፣ አርጅታ ወንዙን አንድም ቀን አላየችውም። ስሙን ግን እንደ ዘመድ ነው የምታነሳው። ዝናብ ሲጠና «ዛሬ ዓባይ ጠግቦ ያድራል» ትል ነበር።

የመጨረሻው ልጃችን ባሕር ዳር እንጨት ቤት ይሠራ ነበር፤ በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይደውላል። እናቱ ስልክ ጆሮዋ ላይ አትለጥፍም፣ እንደ መስታወት ፊት ለፊቷ ይዛ ነው የምታወራው። ስለዚህ ወሬያቸውን ሁሉ እሰማለሁ።

«መቼ ነው የምታገባው?» ትለዋለች።

«እማዬ፣ መጀመሪያ ጢስ ዓባይን ላሳይሽ። ከዚያ አገባለሁ።»

«ውሃ አሳይተህ ልትሸነግለኝ ነው? እኔ የምፈልገው ምራት ነው።»

«ምራትሽንም እዚያው አሳይሻለሁ።»

«አንተ ውሸታም። ከገደል ሥር ሴት ይበቅላል?»

ወሩን የመረጡት እንዲህ እየተቀላለዱ ነው። እሱ ነሐሴ ይሻላል አለ፤ ውሃው ገደሉን ሞልቶ ሲወርድ ጢሱ ከሩቅ ይታያል፣ ስሙን ከምን እንዳገኘው ታያለሽ ብሎ። እሷ «አረሙን ለማን ትቼ?» አለችው። እሷ ደግሞ ጥቅምት ስትለው እሱ በጥር የሚድረው ሰው ሁሉ አልጋ የሚያዝዘው ያን ጊዜ ነው፣ አሠሪዬ አይለቀኝም አለ። በመጨረሻ የመስቀል ሰሞን ላይ ተስማሙ። አረም ይቀልላል፣ አጨዳ አልደረሰም፣ አገሩ አደይ ለብሷል፣ ውሃውም ሙሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ለሚገባ ሁሉ «የመስቀል ማግስት ዓባይን ልጠይቀው ነው» ትል ጀመር።

ሐምሌ ሲገባ ታመመች። ትንፋሽ ያጥራታል፣ እግሯ ያብጣል፣ ከጓዳ እስከ ደጅ መሄድ አቃታት። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አስተኟት። የልብ ነው አሉ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ወደ ውጭ ጠርቶኝ «አባት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውሰድ፣ ጨው ትተው፣ ከባድ ነገር አታንሳ» ካለኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከሁሉ በላይ ድንጋጤ እንዳይደርስባት። ልቧ አሁን ድንጋጤ አይችልም» አለኝ።

እሷ ገና አልጋ ላይ እያለች ነው ከባሕር ዳር የተደወለው። የደወለው አብሮት የሚሠራ ልጅ ነው። ሆዱን ሲያመው ሰንብቷል፣ ለማንም አልተናገረም፣ ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ለእሷ ሙዝ ልገዛ ከሆስፒታሉ በር ወጥቻለሁ። ስልኩን ዘጋሁና ሙዙን ገዛሁ። ገብቼ ልጬ ሰጠኋት።

«ምነው ልጣጩን ሰጠኸኝ?» አለችኝ።

«እርጅና ነው» አልኋት።

ትልቋ ልጃችን የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በእሷ ቤት ተሰበሰብን፤ የንስሐ አባታችን፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ጥቂት ሽማግሌዎች። የንስሐ አባታችን እንዲህ አሉ። «ሬሳው ወደ አገሩ ከመጣ ዋይታውን ማን ያግደዋል? ዛሬ እዚያ የተጮኸ ነገ እሷ አልጋ ድረስ ይመጣል። እዚያው ይቀበር። መርዶው ይቆይና ስትበረታ በወጉ ትረዳለች።»

ማንም አልተቃወመም። በአገራችን የሞት ወሬ እንደ ሌላ ወሬ አይነገርም። ለታመመ፣ ለአራስ፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው ይደበቃል። ከዚያ አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል፤ ያን ጊዜ ነው ሰውየው የሚረዳው። አባቶቻችን ያቆዩት ወግ ነው፤ ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ብለው ያደረጉት።

ለእሷ ጤፍ ልዘራ ወደ ቤት መሄዴ ነው አልኋት። ባሕር ዳር ሄጄ ልጄን ቀብሬ ተመለስሁ።

«ጤፉ ተዘራ?» አለችኝ።

«ተዘራ» አልኋት።

በነሐሴ ተሽሏት ወደ ቤታችን ገባን። ልጅ የሞተበት አባት ፀጉሩን ይላጫል፣ ጥቁር ያደርጋል፣ መሬት ይቀመጣል፣ ሰው ከብቦት ይውላል። እኔ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ፣ ጺሜን ተስተካክዬ፣ መደብ ላይ ተቀምጬ ስለ ዝናቡ አወራለሁ። ጎረቤቶች ሊጠይቋት ሲመጡ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ፊታቸውን ያስተካክላሉ፣ ከዚያ «እንዴት ዋልሽ፣ ተመስገን፣ ፊትሽ መለስ ብሏል» እያሉ ይገባሉ። አንዲቷ ጎረቤታችን በሩ ድረስ መጥታ አልቻለችም፣ ተመልሳ ሄደች። ባለቤቴ አይታት ኖሮ «ምን አስቀይሜያት ይሆን?» እያለች ሰነበተች።

አረም ሲደርስ እፎይ አልሁ። ጤፍ የሚያርም ሰው አጎንብሶ ነው የሚውለው። ፊቱን የሚያየው መሬት ብቻ ነው።

የስልኩም ነገር ነበር። ያን ጊዜ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ጠፍቶ ይሰነብታል። አገሩ ሁሉ ያማርራል። እኔ ብቻ እንዳይመለስ እለምን ነበር፤ ሲመለስ «ልጁን ደውልልኝ» ትለኛለችና። ትልቋ ልጃችን መላ ፈጠረች። ወንድሜ ለሥራ ወደ ቆላ ተልኳል፣ እዚያ ሆቴል እየሠሩ ነው፣ ስልክ የሚባል ነገር አይሠራም ብላ ነገረቻት።

«ደኅና ነኝ ብሏል?»

«ብሏል።»

«በማን በኩል?»

«ከዚያ በመጣ ሾፌር።»

«እንግዲያስ ሾፌሩን አምጡልኝ፤ ምሳ ላብላው። የልጄን ፊት ያየ ሰው ነው» አለች።

ልጄ ወደ ውጭ ወጣችና ብዙ ቆየች።

መስከረም ጠባ። ባለቤቴ መድኃኒቱ ተስማምቷት ከደጅ እስከ በረት መሄድ ጀምራለች። አንድ ቀን ጠዋት ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣

«አንተ ሰው፣ መስቀል ደረሰ» አለችኝ።

«ደረሰ።»

«ልጁ ባይኖርም እኮ አንተ ልትወስደኝ ትችላለህ። ስንደርስ ከቆላ ይመጣል።»

«ጭቃው ገና ነው» አልኋት። «ወደ ፏፏቴው ሲወረድ ቁልቁለት አለው፣ ያንሸራትታል ይላሉ። በሽተኛ ይዞ አይወረድም።»

ይህን ካልሁ በኋላ ግን ስለ ቦታው ምንም እንደማላውቅ ተሰማኝ። ሌላ ስትጠይቀኝ ምን ልላት ነው? በማግስቱ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሄጄ የባሕር ዳርን መስመር የሚሠራ ሾፌር ፈልጌ ስለ ጢስ ዓባይ ጠየቅሁት። ሰውየው ደግ ነው። ከየት በኩል እንደሚኬድ፣ የድንጋዩን ድልድይ፣ ውሃው በየትኛው ወር እስከየት እንደሚሰፋ ሁሉ አንድ በአንድ ነገረኝ።

«በጥቅምትስ ምን ክፋት አለው?» አልሁት።

«በጥቅምት ምን ክፋት ይኖረዋል፣ አባባ? ማለፊያ ነው።»

«ሙቀቱስ? ሕዝቡስ አይበዛም?»

ሾፌሩ ሣቀ። «ሰው ሁሉ መቼ ይሻላል ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። እርስዎ መቼ ይከፋል ነው የሚሉኝ። ሊሄዱ ነው ወይስ ሊቀሩ?»

«ልቀር ነው» አልሁት። እሱ ቀልድ መሰለው።

ጥቅምት ሲሆን ገብሱ ደረሰ፣ አጨዳው ተጀመረ፣ ሰው የለኝም አልኋት። እንደገና ስታነሳብኝ አሁንማ መጉደል ጀምሯል፣ ከርሞ ሲሞላ ይሻላል አልኋት። መከዳዋን ተደግፋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ሲሞላ ሞላ ትላለህ፣ ሲጎድል ጎደለ ትላለህ። ለዚህ ውሃ ልክ የሆነ ወር እግዜር አልፈጠረለትም?»

«ፈጥሮለታል። ውሃውና ገብሱ ግን ባንድ ወር ነው የሚደርሱት። ለገበሬ አልተፈጠረም።»

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት እኔን ነው» አለችና ሣቀች። አመነችኝ። ድሮም ታምነኛለች። ከተጋባን ጀምሮ ብቅል የምታሰጣው፣ በርበሬ የምታደርቀው፣ «ዛሬ ዝናብ አለው?» ብላ እኔን ጠይቃ ነው። ሰማዩን አታይም፣ እኔን ነው የምታይ። ስለ ውሃው የነገርኋት ደግሞ አንድም ሐሰት አልነበረበትም። ጭቃውም እውነት ነው፣ አጨዳውም እውነት ነው፣ መጉደሉም እውነት ነው።

ኅዳር ላይ ነው አክስቷ የመጣችው። የእናቷ ታናሽ እህት ናት፤ ደብረ ኤልያስ ነው የምትኖረው፣ ከሁላችንም ትበልጣለች። እኔ አውድማውን በእበት እየለቀለቅሁ ነበር። ቀና ስል አንዲት አሮጊት በትሯን ይዛ ወደ ቤቱ ስታቀና አየሁ። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ጥለቱ ከአንገቷ ሥር ነው። እንዲህ የሚለበሰው ለሐዘን ነው።

ልጁ መሞቱን ሰምታለች። ወራት ስላለፉ እናቱ ተረድታለች ብላ፣ ዘግይታም ቢሆን ለቅሶ ልትደርስ መምጣቷ ነው። እስካሁን ያልተረዳች እናት ትኖራለች ብሎ ማን ያስባል? በእበት እጄ ሮጥሁ። እንደ ዱሮው እግር የለኝም። በሩ ላይ ስደርስ አክስቷ ገብታ መሀል ቤት ቆማለች፣ ባለቤቴ ወንፊቱን እንደያዘች ተነሥታለች።

«አክስቴ፣ ማንን አጥተሽ ነው?» አለቻት።

አሮጊቷ ፊቷን አየች፤ የቆየ ሐዘን የሌለበት፣ እንግዳ በመምጣቱ ደስ ያለው ፊት ነው። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ እኔን አየች። ራሴን ነቀነቅሁ። ወዲያው ገባት። መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«የጎረቤቴን ልጅ» አለች። «እጄ ላይ ያደገ ልጅ ነበር።»

«እኔን ይድፋኝ። መቼ?»

«ሰንብቷል። ሐዘኑ አልወጣልኝ ብሎ ነው።»

ባለቤቴ ወንፊቱን አስቀመጠች። የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አንሥታ ገለበጠችና አዘቅዝቃ ለበሰች። ከአክስቷ ጎን ተቀምጣ እጇን ያዘች።

«ልጅ ነው?»

«ጎረምሳ ነው። ያላገባ።»

«ምን አገኘው?»

«ሆዱን አሞት። አመመኝ እንኳ ሳይል።»

«እንደኔው ልጅ ነዋ» አለች ባለቤቴ። «የኔውም ሲያመው አይናገርም።»

አክስቷ ከዚህ በኋላ ራሷን መግታት አልቻለችም። እየተወዛወዘች ታለቅስ ጀመር። ቁመቱን አነሣች፣ ሣቁን አነሣች፣ እንጨት የሚያለሰልስ እጁን አነሣች። ባለቤቴ እየተቀበለች አለቀሰች። የማን ልጅ እንደሆነ ሳታውቅ የራሷን ልጅ አለቀሰችው። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አለቀስሁ። ከሐምሌ ጀምሮ በቤቴ ውስጥ በገሃድ ሳለቅስ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ዕንባዬን የምጠርግበት ንጹሕ እጅ እንኳ አልነበረኝም።

«ተው አንተ፣ የማታውቀውን ልጅ» አለችኝ በለቅሶዋ መሀል። «ሆደ ቡቡ ነው» አለቻት ለአክስቷ።

ለቅሶው በረድ ሲል ባለቤቴ ፊቷን ጠረገችና «እናቱስ እንዴት ሆነች?» ብላ ጠየቀች።

አሮጊቷ እኔን አየችኝ።

«እናቱ አልተረዳችም» አለች በመጨረሻ። «ታማ ነበርና ደብቀዋታል።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«ይሄስ ግፍ ነው» አለች ባለቤቴ።

«ቢገድላትስ ብለው ይሆናል» አልሁ እኔ ከበሩ።

ወደኔ ዞረች። ቁጣ አልነበራትም፤ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ቢገድላት ልጇን አልቅሳ ትሙት። ሰው ሁሉ እርሙን አውጥቶ፣ ዕንባውን ጨርሶ፣ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ሲነግሯት ከማን ጋር ልታለቅስ ነው? የሚገድለው እሱ ነው።» ወደ አክስቷ ተመልሳ «ስትገቢ ንገሯት በያቸው» አለቻት።

«እሺ፣ እላቸዋለሁ» አለች አክስቷ።

በዚያው ቀን ሳይመሽ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። አንዱ ውቂያው ይለቅ አለ። አንዱ ጥር ይለፍ፣ ገና ብርዱ ነው፣ ለልብ በሽተኛ ብርድና ሐዘን አይስማማም አለ። ሌላው ለምን ፋሲካን አናሳልፍም አለ። ሁሉም ለእሷ አዝነው ነው። እኔ ግን ስሰማቸው የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

«አባቶች፣ ወር መምረጥ ይብቃን» አልኋቸው። «ፍርዱን ራሷ ፈርዳለች።» ያለችውን ነገርኋቸው። የንስሐ አባታችን «ሐኪሙ ይጠየቅና ይሁን» አሉ። ልጄ ሐኪሙን ጠየቀችው፤ አሁን በርትታለች፣ መድኃኒቷን አስቀድማችሁ ስጧት፣ ብቻዋን አትተዋት አለ። እኔ ሽማግሌዎቹን አንድ ነገር ብቻ ለመንሁ። በሐምሌ ያለቀሰ ሁሉ እንደ አዲስ መጥቶ ያልቅስላት አልሁ።

እሑድ ነው። ገና ጎህ ሲቀድ መድኃኒቷን ሰጠኋት።

«ዛሬ ምነው በማለዳ?» አለች።

ወዲያው የእግር ኮቴ ከአጥሩ በኩል ተሰማ። ብዙ ሰው ነው፤ ማንም አያወራም። በዚያ ሰዓት እንዲህ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ማን ነው?» አለችኝ። ማን መጣ ማለቷ አይደለም።

በወጉ የሚናገሩት የንስሐ አባታችን ነበሩ። እኔ ግን ቀደምሁ። «ልጃችን ነው» አልሁ። የትኛው ብላ አልጠየቀችኝም።

«መቼ?»

«በሐምሌ።»

ከዚያ ጮኸች፣ ሰዉም ገባ። እንደ ሬሳ መነሣት ቀን ነው ያለቀሱላት። ያቺ ከበር የተመለሰችው ጎረቤታችን ከሁሉ ቀድማ ነው የገባችው፣ አንገቷ ላይ ወደቀች። ወደ ረፋድ ላይ ድምፁ ሲበርድ፣ ሴቶቹ ደግፈዋት በሰው መሀል ፈለገችኝ።

«ጤፉ ተዘራ ያልኸኝ ቀን ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኋት።

ፊቷን ወደ ሴቶቹ መለሰች።

ልቧ ቻለ። አክስቷ ከደብረ ኤልያስ ተመልሳ መጥታ ብዙ ሰነበተች። ያንን ቀን ሁለቱም አያነሡትም። ባለቤቴ ራሷን አክስቷ ጉልበት ላይ ታደርጋለች፣ አሮጊቷም ፀጉሯን ትደባብሳለች።

ለቅሶ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ስለ ቀብሩ ትጠይቃለች። ወንድሟን ጠየቀችው። ልጃችንን ጠየቀቻት። አብሮት የሚሠራው ልጅ ከባሕር ዳር ሲመጣ ከጎኗ አስቀምጣ፣ ማን እንዳጠበው፣ ማን እንደተሸከመው፣ ከየት በኩል እንደወሰዱት ሁሉ ጠየቀችው። እኔን ግን አልጠየቀችኝም። እኔ ሣጥኑን በእጄ ይዤ ወደ ጉድጓድ ያወረድሁት አባቱ እዚያው መደብ ላይ ተቀምጬ፣ ቀብሩን ከሌላ ሰው አፍ ትሰማለች።

ዝናቡንም መጠየቅ ተወች። እህል ስታሰጣ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት ተጣርታ «እሜቴ፣ ዛሬ ይዘንብ ይሆን?» ትላለች። እኔ ደጃፉ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ምግቤን ታቀርብልኛለች፣ ሲበርደኝ ጋቢ ታለብሰኛለች። አልተቀየመችኝም። ብትቀየመኝ ኖሮ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቀን ነበር። ቃሉ ያልታመነን ሰው በምን ሽማግሌ ያስታርቁታል?

በመጋቢት መቃብሩን ልታይ ባሕር ዳር ወሰድናት፤ እኔና ትልቋ ልጃችን። እንደ ኔትወርኩ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመው መንገድ ተከፍቶ የሰነበተበት ጊዜ ነበር። ጓደኞቹ የእንጨት መስቀል ሠርተው ተክለውለታል፤ ልስላሴው የእነሱ እጅ መሆኑን ይናገራል። ባለቤቴ አፈሩ ላይ ተኝታ ቆየች። ስትነሣ ፊቷ ላይ የቀረውን አፈር አልጠረገችውም።

«ጢስ ዓባይ ከዚህ ሩቅ ነው?» አለች።

«እማዬ፣ አሁን እኮ ውሃ የለውም» አለቻት ልጃችን። «መስከረም ሲመጣ እናመጣሻለን።»

«አባትሽም እንዲህ ነው ያለኝ። እንደሌለው ልየው።»

ልጄ አየችኝ። በትሬን ይዤ ተነሣሁ። አብሮት ይሠራ የነበረው ልጅ መኪና ፈለገልን። ከመኪናው ከወረድን በኋላ በእግር ነው። እያረፍን፣ ድንጋይ ላይ እየተቀመጥን፣ ውሃ እየተጎነጨች ቀስ ብለን ሄድን። ፀሐዩ ከባድ ነው። ሲደረስ ያለው ትልቅ ጥቁር ገደል ነው፤ ሰፊ፣ ደረቅ። ካንድ ጎኑ ላይ እንደ ፈትል የቀጠነ ውሃ ይወርዳል። ሌላው ድንጋይ ብቻ ነው።

እዚያ ያገኘነው የአገሩ ሰው አዘነልን። «እማማ፣ ጊዜውን ሳትመርጡ ነው የመጣችሁት። በመስከረም ብትመጡ ኖሮ» አላት።

«መርጠን ነበር» አለችው።

ልጄና ያ ልጅ ወደ ጥላው ሄዱ። እኛ ከገደሉ ማዶ ተቀመጥን። ገደሉን ስታይ ቆይታ «በመስከረም እስከየት ይደርሳል?» አለች። በበትሬ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አሳየኋት፣ ሾፌሩ እንደነገረኝ። «በጥቅምትስ?» አለች። አሳየኋት። «በኅዳርስ?» ያንንም አሳየኋት። ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ድንጋዩ ላይ የተወው ምልክት አለ። በትሬ ያለፈበትን እየተከተለች ምልክቱን አንድ በአንድ አየችው።

«እውነት ነው» አለች።

ከዚያ ፊቷን ከገደሉ ሳታነሣ «ቀብሩን ንገረኝ» አለችኝ።

«ከሰው ሰምተሽዋል።»

«ካንተ አልሰማሁም።»

ከመነሻው ጀመርሁላት። ዝናብ እንደነበር፣ ጉድጓዱ ውሃ እየቋጠረ ሁለት ጊዜ እንደቀዱት። ጓደኞቹ ሣጥኑን ራሳቸው እንደሠሩት። ሳይዘጋ ገልጠው እንዳሳዩኝ። እዚህ ላይ አቆመችኝ።

«ፊቱ እንዴት ነበር?»

«የተኛ ነው የሚመስለው። ግንባሩ ላይ የእንጨት ብናኝ ነበር፤ ከማን እጅ እንዳረፈበት አላውቅም። በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁለት።»

«ጠረግህለት?»

«ጠረግሁለት።»

ጋቢዬን ሳብ አደረገችና ጫፉን በእጇ ያዘች። «ከዚያስ?» አለችኝ። ከዚያ ያለውንም ነገርኋት።